የሐዲድ ዳር እሸት

ባሌን የባቡር ፍቅር የያዘው በኮቪድ ጊዜ ነው። ሌላው ሰው ዳቦ መጋገር ተማረ፣ ውሻ ገዛ፤ የኔው ባል ግን የሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ፣ ሥራ ሲቀንስበት ሶፋ ላይ ተጋድሞ የድሮ የእንፋሎት ባቡር ቪዲዮ ማየት ጀመረ። ያልፍለታል ብዬ ዝም አልኩ። አላለፈለትም። ጭራሽ እናቴንም ይዟት አበደ።

እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታ በረራ ሲቆም እዚሁ እኛ ጋ ቀርታ ነበር። እኔ ዳውንታውን ሆስፒታል ስለፋ ስውል፣ አማትና አማች ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባቡር ያያሉ። ማታ ደክሞኝ ስገባ እናቴ የሰርግ ወሬ የምታወራ ይመስል፣ "ዛሬ አንድ ጥቁር መጣልሽ፣ ግርማ ሞገሱ ልዩ ነው!" ትለኛለች። እንዲህ መዋደዳቸው ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅናት ቢጤ ያዘኝ። ለእኔ እንዲህ ተብሎልኝ አያውቅም።

እናቴ የምትወደው እሳቱን ነበር። ቪዲዮው ውስጥ አንድ ሰው የምድጃውን በር ከፍቶ በአካፋ የድንጋይ ከሰል ሲጨምር፣ "ይህንን እሳት በዓይኔ ባየሁት" ትላለች። ባሌ ደግሞ፣ "እኔ ፊሽካውን በእጄ ልሳበው እንጂ ሌላ አልፈልግም" ይላል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ሲባባሉ ያመሻሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በረራ ተከፍቶም እናቴ ሳትሄድ፣ ባሌ የአሮጌ ባቡር ወዳጆች ማኅበር ገባ። አባላቱ በሙሉ ባለመስመር ቆብ የሚያደርጉ ነጭ ሽማግሌዎች ናቸው። ቤት ውስጥ አንድ ሰሃን ሲያጥብ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ የባቡር ጎማ ሲወለውል ይውላል፤ ሲመለስ እጁ እንደ ጋራዥ ሠራተኛ ጠቁሮ ፎጣዬን ያበላሻል። የቤተ ክርስቲያን ልጆች "ጋሼ ባቡር" ይሉት ጀመር። እሱ እቴ፣ እንደ ሹመት ተቀበለው።

ለልፋቱም ዋጋ ተገኘለት። ባቡሩን የሚነዳው ሽማግሌ፣ በነሐሴው የሽርሽር ቀን ሲመለሱ ከእሱ ጋር ከእሳቱ ፊት ቆሞ እንዲሄድና ፊሽካውን እንዲስብ ቃል ገባለት። ባሌ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። የዲቪ ዕጣ የወጣለት ጊዜ እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ሽርሽሩ ፍልሰታ ላይ ዋለ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መኪናው ውስጥ ቀድማን ተቀመጠች። "እማዬ፣ የከሰል ጥላሸት እኮ ነው የምንሄድበት" ብላት፣ "ሰው ቤት ስትሄጂ ለብሰሽ አይደለም?" አለችኝ። ከሰፈራችን አጠገብ ያለችውን ቤክስሊን ሳናልፍ ባሌ ስብከቱን ጀመረ።

"መንገድ ላይ ባቡሩ ይቆምና ሁላችንም እንወርዳለን። ከዚያ ባዶውን ወደ ኋላ ርቆ ይሄድና ጭሱን እያትጎለጎለ በፊታችን ያልፋል። ለፎቶ ነው። ከዚያ ተመልሶ ይጭነናል። እማማ፣ ገመድ ይዘረጋል፤ ከገመዱ ወዲህ ነው የሚቆመው። ከገመዱ ያለፈ ሰው የሁሉንም ፎቶ ነው የሚያበላሸው። እኔንም ካንስል ያደርጉኛል።"

"እሺ ልጄ" አለች እናቴ።

ባቡሩ ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። ግን የትም የማይሄድ ባቡር ነው። ተከፍሎበት ይሄድና ዞሮ ወደተነሳበት ይመለሳል፤ ይህን እኔ በየቀኑ በነፃ አደርገዋለሁ። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ጥላሸቱ ፊቴ ላይ ዘነበ። ምሳ ተብሎ በካርቶን የታደለን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ነው። እናቴ ከፈት አድርጋ አየችና አማትባ ከደነችው።

እንደተባለው በቆሎ እርሻ መሃል ቆምን። ሽማግሌዎቹ ዱብ ዱብ ብለው ወርደው፣ ካሜራቸውን ደግነው ከገመዱ ጀርባ ተሰለፉ። ባቡሩ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ከዓይን ጠፋ። ፀጥታው የቅዳሴ ነው፤ ያስነጠሰ ሰው እንኳ በዓይን ይገረፋል። ከሩቅ ጭሱ ታየ፣ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ባሌ ትንፋሹን ዋጠ። ያኔ ነው ዘወር ብዬ እናቴን ያጣኋት።

ከገመዱ ወዲያ፣ ከሐዲዱ ዳር፣ በቆሎው ለሁለት ተከፈለና እናቴ ብቅ አለች። ነጠላዋን አሸርጣ እሸት በእቅፏ ሞልታለች። ወደ እኛ ፈገግ እያለች ትመጣለች፤ ከኋላዋ ባቡሩ ይመጣል።

ነጂው አያትና ፍሬኑን ያዘ። ብረት ከብረት ሲፋጭ ጥርሴን አንዘረዘረው። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ እንፋሎቱን ተፍቶ ከእናቴ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሽማግሌዎቹም ጮኹ። የማን እናት ናት ብለው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ከመካከላቸው አበሻ ባሌ ብቻ ነው።

ሮጬ ወደ ገመዱ ጎተትኳት። "ምን ነካሽ? ልትሞቺ ነበር እኮ! የሰው እርሻ ውስጥ ምን አስገባሽ?"

"እንዴ፣ መንገደኛ አይደለሁም? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የምንቀምሰው ነው። ለናንተም ይዣለሁ።"

ምን ልበላት? በእኛ አገር መንገደኛ ከማሳ ዳር ሁለት እሸት ቢቀጥፍ ባለቤቱ ለምን ጨመር አላደረግህም ይለዋል። ይሄኛው ደግሞ ለሰው እንኳ አይደለም፤ የከብት መኖ ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣና ለባሌ በአጭሩ ነገረው፤ ዛሬ ነጂው ጋ የሚወጣ የለም። ባሌ "ገባኝ" አለ። ቆቡን አውልቆ አጠፈና ኪሱ ከተተ።

"ምን አለው?" አለችኝ እናቴ።

እኔ ምላሴ አያርፍም። "በአንቺ እሸት የተነሳ ፊሽካው ቀረበት" አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። እሸቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ከሐዲዱ ሥር ካለው ድንጋይ አንዱን አነሳችና ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ አቀርቅራ ወደ ባቡሩ መራመድ ጀመረች። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚለምን ሽማግሌዎቹ ከየት ያውቁታል? ባቡሩን ልትፈነክትባቸው የመጣች መስሏቸው ሁለቱ ዘለው ከፊቷ ተገተሩ። ባሌ "ኖ! ኖ! ሶሪ እያለች ነው!" እያለ ሮጠ።

ነጂው በመሰላሉ ወረደ፤ ሆዱ የሰፋ፣ ፊቱ በጥላሸት የተለበጠ ሽማግሌ ነው። እናቴ ከፊቱ ተንበረከከች። "በድያለሁ። ልጄን ግን አይቅጡብኝ፤ እሱ ጥፋት የለበትም" አለች፤ እኔ ተረጎምኩ። ሰውየው ቆቡን አወለቀና የሚያደርገው ጠፋው። "ድንጋዩን እርስዎ ካላነሱላት አትነሳም" አልኩት። በዚያ ትልቅ ጓንቱ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አነሳላት። ሊቀመንበሩን ዞር ብሎ አየና፣ "ከዚህ መሰላል በላይ የማዘው እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ በጣቱ ባሌን ጠቆመው። "ቦታው ለአንድ ሰው ነው። ቃል ገብቼልሃለሁ፤ ና ውጣ።"

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

ባሌ ወደ ላይ አየ። የምድጃው በር ገርበብ ብሎ እሳቱ ይታያል። ረጅም ጊዜ አየው።

"እሳቱን ላሳያቸው ነው ያለው" አላት። "እርስዎን ነው የጠራው፣ እማማ።"

ባሌ ለነጂው በእንግሊዝኛ "እሷ ትሂድ" አለው፤ ሰውየውም አየው፣ አንገቱን ነቀነቀና ለእናቴ እጁን ዘረጋላት። ቅድም የጮኹባት ሽማግሌዎች ከኋላ እየገፉ አወጧት። እሸቷንም አልረሳችም።

ስንመለስ ከባሌ ጎን ተቀመጥኩ። ፊሽካው ጮኸ። ሥርዓት የለው፣ ልክ የለው፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆም አለ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። "እሷ ናት" አለ ባሌ፤ እየሳቀ እንባው ይወርዳል። ሁለት ዓመት ያሾፍኩበትን ጥቁር እጁን ያዝኩት። ያን ቀን የወደድኩትን ያህል በሠርጋችን ቀንም አልወደድኩትም።

እናቴ ስትወርድ ነጠላዋ ነጠላ አይመስልም። በሁለት እጇ የተጠበሰ እሸት ይዛለች። "በአካፋው ጠበሱልኝ!" አለችና የመጀመሪያውን ለባሌ ሰጠችው። እንደ ጠጠር ጠንካራ ነው፤ አንዲት ፍሬ ሳያስተርፍ ጨረሰው።

ሃይዌይ ላይ ስንወጣ እናቴ ከኋላ ወንበር ጠጋ ብላ፣ "ልጄ" አለችው። "እንግሊዝኛ ባላውቅም ዓይን አለኝ። ሰውየው የጠቆመው አንተን ነበር።"

ባሌ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ።

"አውቄ ነው የወጣሁት። እሳቱን ማየት ፈለግሁ።"

ባሌ መንገዱን ሊስት እስኪል ሳቀ። ሲበርድለት በመስታወቱ አያትና፣ "እማማ፣ ፊሽካው ሲሳብ ይከብዳል?" ብሎ ጠየቃት። እስከ ቤት ድረስ ስትነግረው መጣች።