መስኮት ዳር ያለችው የስፌት መኪና

እውነተኛ ስሟን ከሚያውቁት ይልቅ ሜትሬ የሚሏት ይበዛሉ። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ጠዋት አንገቷ ላይ ጣል ካደረገች ማውለቁን ትረሳዋለች፤ ገበያም ይዛው ትሄዳለች፣ አልጋዋም ድረስ ይዛው ትገባለች። አንድ ጊዜማ የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ተሽቀርቅራ ቆማ፣ ፎቶ አንሺው «እትዬ፣ ይቺ ቢጫዋ ነገር ትነሳ ወይስ ጌጥ ናት?» ብሎ ሠርገኛውን ሁሉ አስቆታል።

ስፌት ቤቱ የገባችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። መጀመሪያ ከተሰፋ ልብስ ላይ የተረፈ ክር ትቆርጥ ነበር። ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ እጅጌ፣ ከዚያ ኪስ እያለች፣ በመጨረሻ የሰፊዎቹ ሁሉ አለቃ ሆነች። አለቃነት ግን ከኪስ ይከብዳል። ኪስ ቢጣመም ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ ሰው ሲያኮርፍ የሚተረተርበት ቦታ የት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ይህን የተረዳችው የሐኪም ጋዋን ትእዛዝ የመጣ ሰሞን ነው። ትእዛዙ ትልቅ ነበር፤ ቤቱ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ታዲያ በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ አዲስ ስፌት ቤት ተከፈተና በሩ ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» ብሎ ለጠፈ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰውዬ፣ ሜትሬን ጠርተው ምሬታቸውን ዘረገፉት።

«ደመወዝ ልጨምር ብል አቅሙ የለኝም። ሰው ከሄደብኝ ደግሞ አለቀልኝ። እንግዲህ በገንዘብ የማይገዛ፣ ደስ የሚያሰኛቸውን ነገር አንቺ ፈልጊ። በተለይ ለኮሌታ።»

ኮሌታ የሚሏት ኮሌታ ሰፊዋን ነው። ድምፅዋ የማይሰማ፣ ትንሽ ልጅ ያላት ሴት ናት። የጋዋን ሌላው ሥራ አይከብድም፤ ኮሌታው ግን ጫፍና ጫፉ እኩል ካልሆነ ሐኪሙ አንገቱ የተቀጨ ይመስላል። የእሷ ኮሌታ እንደ ወፍ ክንፍ ግራ ቀኙ አንድ ነው። እሷ ከሄደች ትእዛዙ ይበላሻል፤ ትእዛዙ ከተበላሸ ሁሉም እንጀራውን ሌላ ቦታ ሊፈልግ ነው።

ሜትሬ አወጣች አወረደች። የምስጋና ወረቀት? ልጆች ጀልባ ይሠሩበታል። ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል? ሬድዮ ጢም ትስልበታለች። ሬድዮ ቁልፍ ሰፊዋ ናት፤ ጠዋት ከተከፈተች እስከ ማታ የማትዘጋ። በመጨረሻ ጋሼ የገዙት አዲሱ የስፌት መኪና ትዝ አላት። ድምፅ የለውም፣ የራሱ መብራት አለው፣ ክር አይበጥስም። «ለኮሌታ ይሁን!» አለች። ቦታም መረጠችለት፤ ከራሷ ከሜትሬ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ብርድ የራቀ፣ ከሁሉም በላይ ከሬድዮ ወሬ የራቀ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

መኪናው ላይ ቀይ ሪባን አሰረች። ሁሉም አጨበጨበ። ኮሌታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና መስኮት ዳር ያለችውን አሮጌ መኪናዋን ዞር ብላ አየቻት። ለሜትሬ ይሉኝታ መሰላት።

በማግስቱ ኮሌታ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ከዚያ ወዲያ ስፌቷ ይንሻፈፍ ጀመር። የሰፋችው ይተረተራል፤ የተረተረችው ተመልሶ ይጣመማል።

«ምን ታድርግ፣ የአለቃ ጎረቤት ሆና!» አለች ሬድዮ ከመስኮቱ ዳር። «እኔ ብሆን እንኳን ኮሌታ፣ ስሜም ይጠፋኝ ነበር።»

ሐሙስ ወደ ማምሻው ኮሌታ ሜትሬ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«ማዶ ልገባ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ብር ጨመሩልሽ?»

ኮሌታ አንገቷን ደፋች። ሜትሬም ለራሷ መልሱን ሰጠች፤ በብር ነው፣ ለብር ደግሞ መድኃኒት የለኝም።

ቤቷ ስትገባ ምን አጠፋሁ ብላ ባሏን ጠየቀችው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጫማውን አውልቆ እግሩን እያሻሸ ሰማት።

«አዲስ መኪና ሰጥቼያት! ሪባን አስሬ! አስጨብጭቤ!»

«እኔም እኮ ተሸልሜያለሁ» አለ በአገጩ ግድግዳውን እያሳየ። ስሙ የተጻፈበት ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። «እኔ የለመንኳቸው ልጄ መድረክ ላይ ስትዘምር እንዳይ አንዲት ቅዳሜ እንዲለቁኝ ነበር። እነሱ ሰዓት ሰጡኝ። የቀረሁበትን ሰዓት ቁጭ ብዬ እንድቆጥር ነው መሰለኝ።»

ሜትሬ ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ።

«ምን እንደምትፈልግ ጠየቅሻት?» አላት።

«ሽልማት እኮ ነው። ሽልማት ይጠየቃል?»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

አርብ ጠዋት ኮሌታ አዲሱ መኪና ላይ አቀርቅራ ስትሠራ፣ ሜትሬ የጎደለውን ለመሙላት ራሷ ልትሰፋ ተነሳች። ክፍት የነበረችው አሮጌዋ መኪና ብቻ ስለሆነች መስኮቱ ዳር ሄዳ ቁጭ አለች። መስኮቱ በእርግጥም ብርድ ያስገባል። ሬድዮ ደግሞ ጎረቤት በማግኘቷ ከትናንት የተረፈ ወሬዋን ጀመረች።

ረፋድ ላይ ከመንገዱ ማዶ የሕፃናት ጫጫታ ተነሳ። ሜትሬ ቀና አለች። ከአዲሱ ስፌት ቤት ጎን የሕፃናት መዋያ አለ፤ ልጆቹ ወደ ግቢው እየተግተለተሉ ወጡ። ሁሉም ወደ መንሸራተቻው ሲሮጥ አንዲት ልጅ ግን ወደ አጥሩ መጥታ ቆመች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጭ፣ ሰፊ ኮሌታ አለው፤ ጫፍና ጫፉ እንደ ወፍ ክንፍ እኩል። ሜትሬ ያንን ኮሌታ መንገድ ተሻግሮም ታውቀዋለች።

ልጅቷ እጇን ወደ መስኮቱ አነሳች። ጠበቀች። አሁንም አነሳች። ሜትሬ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ እጇን አነሳች። ልጅቷ አተኩራ አየቻትና፣ እናቷ እንዳልሆነች ሲገባት እጇን አውርዳ አጥሩን ይዛ ቀረች።

«አንቺ ሬድዮ!» አለች ሜትሬ። «ኮሌታ እዚህ ሆና በዚህ ሰዓት ምን ታደርግ ነበር?»

«እጇን ታነሳለች። ወገቧን የምታፍታታ ይመስለኝ ነበር እንጂ…» ሬድዮ በመስኮቱ አየችና አፏን ያዘች። «ጉዴ ፈላ! ጎኔ ተቀምጣ ይህን ወሬ እኔ ላጣው?»

ሜትሬ ተነስታ ወደ ኮሌታ ሄደች። ቆማ አልተናገረችም፤ በርጩማ ስባ ጎኗ ተቀመጠች።

«ልጅሽ አጥሩ ጋ ናት።»

ኮሌታ መኪናውን አቆመች። እንባዋ ከቃሏ ቀደመ።

«ጠዋት ጠዋት አልሄድም እያለች ታለቅሳለች። ‹እማዬ መስኮቱ ውስጥ የለችም› ትለኛለች። ማዶ ብገባ ቢያንስ በአጥሩ አያታለሁ ብዬ ነው እንጂ፣ ብሩስ ያው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እህት?»

«እንዴት ብዬ እትዬ? ሪባን አስራችሁ፣ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ… ስጦታ ይመለሳል እንዴ?»

ሜትሬ ከደረቷ ላይ የድንጋይ ያህል ነገር ሲነሳላት ተሰማት። ብር አልነበረም! መስኮት ነበር። መስኮት ደግሞ አላት።

«ተነሺ» አለቻት፤ «ከነመኪናሽ ተነሺ።»

አራት ሴቶች አዲሱን መኪና ከሁለት ወገን ይዘው እየገፉ፣ «ቀስ! እግሬን!» እየተባባሉ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ሲደርሱ ገመዱ ሶኬቱ ጋ አልደርስ አለ። ጋሼ ግርግሩን ሰምተው መጡ።

«ምንድን ነው ነገሩ? ስንት ያስወጣኛል?»

«አንድ ማራዘሚያ ገመድ» አለች ሜትሬ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ ጋሼ። ለመስኮቱም መጋረጃ እንዳያሰቅሉ።»

ጋሼ በመስኮቱ አጥሩ ጋ የቆመችውን ልጅ አዩና ነገሩ ገባቸው፤ ገመዱን ከራሳቸው ቢሮ ነቅለው አመጡ። «እኔ ሻይ ማፍያዬን ሌላ ቦታ እሰካለሁ» አሉ እያጉረመረሙ፣ ፊታቸው ግን በርቶ።

ከዚያ በኋላ ሜትሬ ሰፊዎቹን አንድ በአንድ፣ በምሳ ሰዓት ጎናቸው እየተቀመጠች፣ «ምን ቢሆንልሽ ደስ ይልሻል?» ትል ጀመር። አንዷ እናቷን ሐኪም ቤት ለማድረስ አንድ ጠዋት አርፍዳ እንድትገባ ለመነች። ሌላዋ ጋዋን መቁረጥ መማር ፈለገች። ሬድዮ ደግሞ «እኔ የማያቋርጠኝ ሰው» አለች።

ሰኞ ረፋድ ጫጫታው ሲነሳ ኮሌታ እጇን አነሳች። ከአጥሩ ማዶ ሰማያዊዋ ቀሚስ ዘለለች፤ ሁለቱም እጆቿ ተውለበለቡ፤ ከዚያ ዞራ ወደ መንሸራተቻው በረረች።

«ለእኔ ነው ሰላም ያለችው» አለች ሬድዮ።

«ለአንቺማ ጆሮዋን ነው የምትይዘው» አለች ኮሌታ፣ መኪናዋን እየቀሰቀሰች። ዝምተኛዋ ስትቀልድ ሲሰሙ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሜትሬ የተሰፉትን ኮሌታዎች አንስታ ጫፍና ጫፋቸውን ልትለካ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ከዚያ ግን ግራ ቀኛቸው እንደ ወፍ ክንፍ አንድ መሆኑን አይታ ተወችው። ሜትሩን አውልቃ ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለችና፣ ዘወትር የሚቀዘቅዝባትን፣ ዛሬ ግን ገና ትኩስ የነበረውን ሻይዋን አንስታ ፉት አለች።