የካባው ትከሻ

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ላይ ከእኔ የሚበልጥ ልብስ ሰፊ አልነበረም። ማን አለ ካላችሁ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ያስተማረኝም የለም። የራሴን ሱሪ ስቀድና ስሰፋ ነው የለመድኩት።

አንድ ቀን እዚያው ዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ አንድ ቡና ነጋዴ ልታገባ ከደረሰች ልጃቸው ጋር ሱቄ መጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ፈቱ። የሟች ሚስታቸው ካባ ነው፤ ያውም ወርቀዘቦ! ግን አርጅቶ፣ የወርቁ ክር እዚህም እዚያም ተነቃቅሏል።

«የእናቴን ካባ ካልለበስኩ አላገባም ብላለች። ይድናል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እጅ ገብቶ የሞተ ካባ የለም!»

ወርቀዘቦ አመለኛ ነው። ካውያ ካስነኩት ይጠቁራል፣ መርፌ ካበዙበት ይበጣጠሳል። ስለዚህ ከጠርዙ እጥፋት ውስጥ የወርቅ ክር እየመዘዝኩ፣ በሳሳው ላይ አስተኛሁት። የተኛውን የወርቅ ክር የማስርበትን ከእንሰት ቃጫ እንደ ፀጉር አቅጥኜ ሰነጠቅኩ። ይሄን ማን ያስባል? እኔ!

ከልጃቸው ጋር ተመልሰው ሲመጡ የቀረኝ ግራ ትከሻው ብቻ ነበር። መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ ወርቁ ተቆራርጦ አልቋል።

«እዚህ ጋ አይጥ በልቶታል» አልኩ።

ሰውየው በሳቅ ፈረሱ። «አይጧ እቺውልህ!» ብለው ልጃቸውን አሳዩኝ። «ጥርስ ስታወጣ ነው። ለጥምቀት እናቷ አቅፋት ስንሄድ፣ መንገዱን ሙሉ ስታላምጠው! ላስጥላት ስል እናትየው ‹ተዋት፣ ድዷን በልቷት ነው፤ ካባ ለመቼ ሊሆነኝ ነው› አለችኝ።»

ልጅቷ እናቷን አታስታውሳትም፤ በዚያው ዓመት ነው የሞተችባት። ትከሻውን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ ይቺን አትንካብኝ።»

«እህቴ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለውን ይበል።»

እንዳይተረተር ብቻ ዙሪያውን በቃጫ ያዝ ያዝ አደረግኩት።

የሰርጉ ቀን ድንኳን ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ካባው ሲያምር! ትከሻው ላይ ግን ምን ሆኖ ነው?»

«ሰፊው ማን ነው?»

«ያ ጉረኛው ነዋ!»

ዞሬ ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ሙሽራዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ጉንጯን እዚያችው ቦታ ላይ አሳርፋለች። አፌን መልሼ ዘጋሁና ጠጄን ጠጣሁ።