ሽማግሌው፣ ወታደሩ፣ ዳኛው

የልጅ ልጄ ቤቲ እዚህ ስዊድን ከሰፈራችን ከፋርስታ ቤተ መጻሕፍት በተዋሰችው የኮሪያ ፊልም ሽፋን ላይ የሁለት ቆንጆ ወጣቶች ፊት ብቻ ነበር። እኔ የምወደው ተዋናይ የለበትም። ባለፈው ፊልም ሥጋ ቆራጭ ነበር፣ ከዚያ በፊት ሚስቱ የሞተችበት ሰካራም። አሁን ደግሞ ፖሊስ ሆኖ ብቅ አለ።

«ያው እሱ መጣ!» አልኳት።

«ኔይ ሞርሞር፣ ይኼ ሌላ ሰውዬ ነው» አለችኝ በስዊድንኛ፤ አይደለም አያቴ ማለቷ ነው።

«ዓይንሽ የት ነው? ስሙን አንብቢልኝ!»

ስሙ ፊልሙ ሲያልቅ፣ ዓይን በማይዘው ፍጥነት ሽው ብሎ አለፈ። ደሜ ፈላ።

ልጅ እያለሁ፣ አራተኛ ክፍል፣ ለወላጆች በዓል ቲያትር ሠራን። ወንዶቹ አፍረው ስለቀሩ ሦስት ሰው ሆኜ እንድሠራ ተደረገ። ሽማግሌ ስሆን አገጬ ላይ በሙጫ የተለጠፈው የበግ ፀጉር ይሸተኛል፣ ያሳክከኛል። ወታደር ስሆን የዘበኛው ካፖርት መሬት ይጠርጋል። ዳኛ ስሆን የአባቴን ካባ ደርቤ ድምፄን አጎረንናለሁ። ሙሽራዋ የወረዳው ገዢ ልጅ ነበረች፤ ሥራዋ ቆሞ ማልቀስ ነው።

ትምህርት ቤታችን ከአራተኛ አያልፍም። የክብር እንግዳው ግን ከሁሉ የበለጠውን አንድ ልጅ አዲስ አበባ ወስደው ሊያስተምሩ ቃል ገብተው ነበር። ቲያትሩ ሲያልቅ ተነሡ።

«ሽማግሌው አስቆኛል፣ ወታደሩ አስፈርቶኛል፣ ዳኛው አስደንቆኛል» አሉ። «ቦታው ግን የአንድ ልጅ ነው። ከሦስቱ ማንን ከማን አበላልጣለሁ? ይልቅ ሙሽራዋ ትሂድ።»

«ሦስቱም እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከሙጫው የተነሣ አገጬ ቀልቶ ነበር፤ ማንም ልብ አላለው። መምህራችንን አየኋቸው። እሳቸው ያውቃሉ። ገዢውን በዓይናቸው ሰረቅ አድርገው አዩና «ተቀመጪ፣ አንቺ ልጅ!» አሉኝ።

መስከረም ላይ የገዢው ልጅ በመኪና ሄደች። የእኔ ትምህርት እዚያው አበቃ።

ቤቲ ኮምፒውተሩ ላይ የኮሪያዊውን ተዋናይ ሥራዎች ፈልጋ አሳየችኝ፤ ብዙ ናቸው፣ ሥጋ ቆራጩም ሰካራሙም ፖሊሱም እሱው ነው። «ሽልማትም አግኝቷል፣ የረዳት ተዋናይ» አለችኝ። ይገባዋል፣ እንዲያውም ዘገየ። ዛሬ ሰው ቢረሳውም ነገ ለሌላ ፊልም ይጠሩታል። በእኛ ጊዜ ሌላ ቲያትር አልነበረም፣ ሁለተኛ የሚጠራኝም አልመጣም። ሽማግሌውን ብቻ አሳምሬ ሁለቱን ባበላሽ ኖሮ፣ አዲስ አበባ እሄድ ነበር።