የሦስተኛው ገመድ ስም

ለንደን ከመግባቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት በአንዲት የእንግሊዝ ገጠር መንደር ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ኬር ሆም፤ የቀረው ላምና ጭቃ ነው። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ግን የመንደሩ ሰው ለመባል አያትህ እዚያው መቀበር አለባቸው። አርባ ዓመት የኖረው ባለ ሱቅ እንኳ እስከ መጨረሻው «ያ ከሌላ ቦታ የመጣው ሰውዬ» ነበር። እኔ ምን እንደምባል አልጠየቅኩም።

እዚያ የልብ ወዳጄ ያልኳት ጎረቤቴን ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ስትሆን የቤተ ክርስቲያኑ ደዋዮች አለቃ ነበረች። እኛ አገር ደወል የዲያቆን ሥራ ነው፤ እነሱ ጋ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስድስት ደወል፣ ስድስት ገመድ፣ ስድስት ሰው። ተራው በየዙሩ እየተለዋወጠ ይደወላል፤ ቅደም ተከተሉን ደዋዩ በቃሉ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው ሲጎድልባቸው እኔን ጠራችኝ። «ክንድሽ ጠንካራ ነው፤ በሽተኛ ስታነሺ አይቼሻለሁ» አለችኝ። መዳፌ እየተላጠ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አስተማረችኝ።

የመንደሩ ትልቁ ክብር ሰሌዳው ነው። ሳያርፉ፣ ሳይተካኩና ሳይሳሳቱ ሦስት ሰዓት ያህል የደወሉ ስድስት ሰዎች ስማቸው በእንጨት ሰሌዳ ላይ በወርቅማ ቀለም ተጽፎ ደወል ቤቱ ውስጥ ይሰቀላል። የአያት የቅድመ አያቶቻቸው ስም ሁሉ እዚያ አለ። የመንደሩን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው መጽሐፍ አያገላብጥም፤ ግድግዳውን ያነባል።

እኛም አንድ የግንቦት ቅዳሜ ሞከርነው። ሦስተኛው ገመድ የእኔ ነበር። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ እኔ ከተሳሳትኩ የአምስቱም ድካም ውኃ እንደሚበላው አውቃለሁና እመብርሃንን እየጠራሁ ቀጠልኩ። ሲያበቃ ገመዶቹን ሰቀልን። ከዚያ ወዳጄ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ሻይ እየጠጣን ማስታወሻዋን አወጣች። «ስምሽ ለሰሌዳው እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ።

«ኧረ የእኔስ ይቅር፤ እኔ እንግዳ ነኝ። የእናንተ ይበቃል» አልኳት።

እኛ ዘንድ ይህ እምቢታ አይደለም። ምሳ ስንጋበዝ መጀመሪያ «በልቻለሁ» እንላለን፤ ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፤ እናንገራግራለን፤ ደግሞ ይለምነናል፤ ከዚያ እንቀመጣለን። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ አዎ» አልኩ፣ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅኩ። በእሺታ ራሷን ነቅንቃ ኬክ ቆረሰችልኝ። ወዳጄ ናት፣ ልቤን ታውቀዋለች፣ ትጽፈዋለች ብዬ ኬኬን በላሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለውን እያወቅኩ።

ሰሌዳው ሳይሰቀል ወደ ለንደን ተዛወርኩ፤ ዛሬም ስቶክዌል ነው የምኖረው። ልጄ ያን ሁሉ ዓመት ያደገችው እዚሁ ለንደን ሼፈርድስ ቡሽ፣ እህቴ ዘንድ ነው። እኔ የማያት ፈረቃ በሌለብኝ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ካደገች በኋላ «እዚያ ምን ነበር?» ስትለኝ፣ ስሜ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተጽፏል እላት ነበር። እሷን ትቼ ለኖርኩበት ዘመን የማሳያት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ባለፈው ሐምሌ መንደሩ የታሪክ ቀን አዘጋጀ፤ ደወል ቤቱም ለጎብኚ ክፍት ነው ተባለ። ልጄን ይዣት ሄድኩ። ጠባቡን ደረጃ ስንወጣ ደረቴ ነፋ ማለቱን አልክድም። እሷ ከሰሌዳው ፊት ቆማ ስሞቹን ጮክ ብላ አነበበች። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ የተጻፈው የወዳጄ የወንድም ልጅ ነው፤ ያን ቅዳሜ ስፔን ለሽርሽር የሄደው ሰው።

«ማሚ፣ ያንቺ የታለ?» አለችኝ።

እዚያው ጎብኚ ታስተናግድ የነበረችውን ወዳጄን ወደ ጥግ ወሰድኳት። «ሰሌዳው ስድስት ስም ይፈልጋል» አለችኝ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። «አንቺ ይቅር አልሽ። እሱ ደግሞ ስንት ዓመት የደወለ የመንደሩ ልጅ ነው። ቅር አይልሽም ብዬ ነው።»

ቦታውን ባዶ ብትተወው ጥፋቱን ለይሉኝታዬ ሰጥቼ ዝም እል ነበር። በእኔ ላብ ላይ የሌላ ሰው ስም መጻፍ ግን ሌብነት ነው፤ ይህንኑም ነገርኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰዎች ዞረው አዩን።

ልጄ መጣችና ጠየቀቻት። «እናቴ ያን ቀን ደውላለች ወይ?»

ወዳጄ ወደ ወንድሟ ልጅ ተመለከተች። እሱ ለጎብኚዎች ስሙን በጣቱ እያሳየ ነበር። «እናትሽ ያን ቀን አብራን ነበረች» አለች። «ሁልጊዜ ትረዳን ነበር። ሻዩን እንኳ የምታፈላልን እሷ ነበረች።»

እዚያ ደወል ቤት አንድም ቀን ሻይ አፍልቼ አላውቅም። ያንን የምታውቅ ሴት ዓይኔን እያየች ነው ይህን ያለችው። እንዴት ያለ ልብ ነው? ልጄ በትሕትና አመሰገነቻትና ደረጃውን ወረድን።

በባቡር ስንመለስ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ገመዱን፣ ተራውን፣ ወገቤን፣ ማስታወሻውን። ስናገር እኔው ራሴ እንደ ውሸታም ፈጠን ፈጠን እንደምል ይሰማኛል። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጄን ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ» አለችኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለስለስ ብላ። «ባትደውዪም እኮ ባንቺ ፕራውድ ነኝ።»

እጄን ቀስ አድርጌ ከእጇ አወጣሁ።