ያልታጠበው የሲግኔ ካፖርት

በደሴታችን ሲግኔን የማያውቅ የለም፤ ካፖርቷን ደግሞ ከነሽታው እናውቀዋለን። በፀደይ የባሕር ዳክዬዎች ወደ የብስ ወጥተው፣ እሷ በሠራችላቸው የእንጨት ጎጆዎች እንቁላል ታቅፈው ሲቀመጡ፣ ያንኑ ቢጫ ካፖርትና ያንኑ የአበባ ሻሽ ሳትለውጥ በመካከላቸው ትመላለሳለች። ዳክዬዎቹ የሚያውቁት ልብሱንና ሽታውን ነው። ሌላ ልብስ ካዩ ብር ብለው ይሄዳሉ፤ ቁራው ደግሞ እንቁላሉን ለመልቀም ጥግ ይዞ እየጠበቀ ነው። አንዴ እህቷ ልትጠይቃት መጥታ ካፖርቱን አጠበችላት። እስከ ገና አልተነጋገሩም።

በዚያ ወቅት መዶሻ አይመታም፣ ውሻ አይለቀቅም፣ የታጠበ ልብስ እንኳ ውጭ አይሰጣም። ለሌላው ሰው ቀላል ነው። ጎረቤቷ ሃልቫር ግን ሲያስነጥስ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ግዙፍ ሰውዬ ነው።

"ዝም በል! ዳክዬዎቼን ታስደነግጣለህ!" ትለዋለች ከአጥሩ ማዶ።

"ለዳክዬ ብዬ ምላሴን ልቁረጥ እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ቆርጠህ ብታመጣማ ለቁራው እጥልለት ነበር።"

እንዲህ ሲባባሉ አረጁ።

አንድ ዓመት፣ ዳክዬዎቹ ገና እንደታቀፉ፣ ሲግኔ ጀልባ ማቆሚያው ላይ አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰበረ። በጀልባዬ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው፤ ዳሌዋን አሟት መስሎኝ ነበር።

"ማን ይዞርላቸዋል? ዘንድሮ ከሸሹ እኮ ተመልሰው አይመጡም! እኔ ከእነሱ ሌላ ማን አለኝ?"

ካፖርቷንና ሻሿን አውልቃ ሰጠችኝ።

"ለማን ልስጠው?" አልኳት።

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። በዚያ ጫፍ ከሃልቫር ሌላ ጎረቤት የላትም።

"ለዚያ ለጯሂው። አትሳቅ! እንዳያጥበው ደግሞ ንገረው።"

እኔ መች ሳቅኩ? ሳቁ የመጣው በኋላ ነው።

ሃልቫር ካፖርቱን ሲያይ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ከእጄ መንጭቆ በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋብኝ። በማግስቱ ያየሁትን በዐይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ያ ሁሉ ሰውነት ቢጫው ካፖርት ውስጥ ታጭቆ፣ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቶ፣ ሻሹን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎ፣ እንደ እሷ ጎንበስ ብሎ በጎጆዎቹ መካከል ይራመዳል። ጺሙን ሻሹ ውስጥ የደበቀው መሰለኝ። አንዷ ዳክዬ አንገቷን አስግጋ አየችው። ባለበት ደረቀ። እሷም ተመልሳ እንቁላሏ ላይ ተቀመጠች።

"እሰይ፣ የኔ እመቤት" ሲል ሰማሁት፣ በሹክሹክታ። ሃልቫር ማንሾካሾክ እንደሚችል ማን ያውቃል!

ወፍ ሊያዩ መነጽር አንግተው የመጡ እንግዶች፣ "ያቺ ግዙፍ ሴትዮ ማን ናት?" ብለው ጠየቁኝ።

"ባል ፈላጊ ናት" አልኳቸው።

ሲግኔ በክራንች ተደግፋ ስትመለስ፣ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እናቶቻቸው ወደ ባሕር ሊያወርዷቸው እየተነሡ ነበር። እህቷ የገዛችላትን አዲስ ሰማያዊ ጃኬት ለብሳለች። ገና አጥሩን እንደነካች ዳክዬዎቹ ተንጫጩ። ሃልቫር ክንዱን ዘርግቶ ሮጠባት።

"ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ! ዳክዬዎቼን ታስደነግጫለሽ!"

"ዳክዬዎቼን?" ልትል አፏን ከፈተች። እሱ ግን ሊያንሾካሹክላት ሻሹን ከአፉ ዝቅ አድርጎ ነበርና ፊቱን አየችው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ምላጭ ያልነካው አገጭ እንደ ሕፃን ነጭ ሆኗል።

"ጺምህስ?"

"አንቺ ጺም የለሽማ" አላት፣ እንደ መቆጣት ብሎ።

ሲግኔ ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

"ሂድ፣ አውርዳቸው" አለችው በሹክሹክታ። "ሻሹን ደግሞ አጥብቀው። እኔ እንዲህ ተዝረክርኬ አልወጣም።"