እታገኘሁ የቆመች ዕለት

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ «ልጄ በእግሩ ሄደ» ብላ ዳቦ ቆርሳ ጠራችን። ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ ሐኪሞቹ ዳውን ሲንድሮም አለበት ብለዋታል። ከወንበር ወደ ወንበር አራት እርምጃ ሲሄድ ቤቱ ሁሉ «ወፌ ቆመች!» እያለ አጨበጨበ። እኔ የቆረስኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩ። ጨጓራዬን አሞኛል ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ያመመኝ ግን ጨጓራዬ አልነበረም፤ ራሴን ተጸይፌ ነው።

ታናሽ እህቴ እታገኘሁ እንደዚያ ልጅ ነበረች። መካነ ሰላም በተወለደች ጊዜ ለሕመሟ ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ለእሷ ግን ስም የማያወጣላት አልነበረም። እርጉዞች ሲያዩዋት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጥላሉ። ከቤታችን በልተው የወጡ ሰዎች ከደጃፋችን ሳይርቁ «የምን ቁጣ ይሆን?» ይባባላሉ። እስካሁን ሳስበው ይቀፈኛል። እማዬ ሁሉንም እንዳልሰማች ሆና ጓሮ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረች። ዙሪያውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ እግሯ እንዲጠና እስከ ወገቧ ታቆማታለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እዘፍንላታለሁ፤ እሷም ምላሷን አውጥታ ትስቃለች። እንዲህ እያልን አራት ዓመት ሞላት። አልቆመችም።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። በከላላ መንገድ ሰው እየተንጠባጠበ ከተማችን ገባ። በየአጥሩ ሥር የወደቀው መሞቱን የምናውቀው በዝንቡ ብዛት ነበር። የእኛም ጎተራ ተሟጠጠ፤ እማዬ ታማ አልጋ ያዘች። እርዳታ ሲመጣ አብሮ ደንብ መጣ፤ መቆም ያልጀመረ ሕፃን የዱቄት ወተት ይሰፈርለታል፣ የቆመ ግን ወተት የለውም። መዝጋቢው ደህና ካፖርት የለበሰ ሰው ነበር። ልጆቹን በብብታቸው አንስቶ ይለቃቸዋል፤ እግሩ የያዘለት ከመዝገብ ይሰረዛል። የበግ ላት እንደሚዳብስ ነጋዴ ጭናቸውን ይጨብጣል። እናቶችም ልጆቻቸው እንዲወድቁላቸው ይጸልያሉ። እታገኘሁ ቁመቷ የሁለት ዓመት ልጅ ስለሚያክል ተመዝግባ ነበር፤ ከእሷ ወተት እማዬም ትጎነጭ ነበር። ሌላ የምትውጠው ነገር አልነበራትም።

አንድ ማለዳ እህቴን አዝዬ ሰልፍ ያዝኩ። ተራችን ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀረን ከጀርባዬ አውርጄ መሬት አስቀመጥኳት። ቀሚሴን ይዛ ተንጠራራች። ቆመች። ከዚያ ቀሚሴን ለቀቀችና በሁለት እጇ አጨበጨበች። ከኋላዬ እመት ዘሀራ የሚባሉ የከላላ ሴት ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ሁለት ልጅ ቀብረው የመጡ ናቸው። ፊታቸው በራ።

«ማሻአላህ፣ ወፌ ቆመች» አሉ ጮክ ብለው።

ይህ ቃል ሲባል የሰማ ሁሉ ይቀበላል፤ ዝም ማለት ነውር ነው። ከዚያ ሁሉ ረሃብተኛ መሀል አንድ ሁለት ሰው ተቀበላቸው። መዝጋቢው ዞረ። እኔ የእህቴን ትከሻ ይዤ ወደ ታች ተጫንኳት።

«ቁጭ በይ።»

ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ተነሣች። ሁለተኛ ስጫናት ባለ በሌለ ጉልበቴ ነበር፤ ድንጋይ ላይ በቂጧ ወደቀች። አላለቀሰችም፤ አየችኝ ብቻ። መዝጋቢው መጥቶ አንስቶ ሲለቃት ራሷ እግሯን አጠፈች። «ይቺማ መቼም አትቆም» ብሎ ሳቀ፤ አፍንጫውን ይዞ ወተቱን አሰፈረልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩ። ይኸው ሰው በዓመቱ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ጭቁኖች ሲናገር ሰማሁት። አጨበጨብኩለትም።

ቤት ስደርስ እማዬ እንደ ወትሮዋ ቀና ብላ «ዛሬስ ሞከረች?» አለችኝ። ብነግራት እልል ትላለች፤ እልልታው ጎረቤት ይሰማል፤ ከጎረቤት መዝጋቢው ጋ ይደርሳል።

«አልሞከረችም» አልኳት፣ ወተቱን እየበጠበጥኩ።

የሚቀጥለው ክረምት ደግ ሆነ፤ ገብሱ ደረሰ፣ እማዬም ዳነች። እታገኘሁ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ዳግመኛ አልቆመችም። ምንም አይገባትም የተባለችው ልጅ የእኔን ትምህርት በአንድ ቀን ይዛው ቀረች። በመጨረሻ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን በሴቶች ተሞልቷል፤ የሽምብራ ቆሎ ይዘገናል። እህቴ ከምሰሶው ተነሥታ ወደ እማዬ እየሄደች ነው፤ እማዬ እያለቀሰች ትስቃለች። ደጃፉን አልፌ ገባሁ። እታገኘሁ አየችኝና እዚያው መሀል ወለሉ ላይ ዱብ አለች።

እማዬ ልጇ የደከማት መሰላት። እታገኘሁ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረች፤ ውኃ እስከ መቅዳትና ዶሮ እስከ መጠበቅ ደረሰች። እኔ በገባሁ ቁጥር ግን ትቀመጥ ነበር።

ትናንት ጎረቤቴ ሕመሜን ልትጠይቅ መጥታ፣ በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያሉ ልጆች እንዴት ያድጉ ነበር አለችኝ። ጊዜው ክፉ ነበር ብዬ መለስኩላት፤ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አዘነችልኝ። ስትወጣ አፌን ተጠየፍኩት። ክፉ መሆኑስ እውነት ነው። እማዬ ግን በዚያው ጊዜ ጉድጓድ ቆፍራ ታቆማት ነበር። እመት ዘሀራ ሁለት ልጅ በቀበሩበት ዓመት የሌላ ሰው ልጅ በመቆሟ ደስ ብሏቸው ነበር። ጊዜው ለሦስታችንም አንድ ነበር። የተጫንኳት እኔ ነኝ።