መርዶ ነጋሪው ፖሊስ

ትናንት ከሥራ ወጥቼ ሜትሮ ባቡር ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። «አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ» ይላል መልእክቱ፣ በደችኛ። የላከችው የዲተር ልጅ ናት። እንደቆምኩ አነበብኩት፤ አጠገቤ አንዱ ድንች ጥብስ ይበላል። እንዲህም መርዶ አለ? ሰው ሳይቀመጥ፣ አይዞህ የሚለው ሳይኖር! ሜትሮው መጥቶ ሄደ፤ እኔ አልተሳፈርኩም።

ዲተር ጀርመናዊ ነው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ሚስቱን ተከትሎ ወደምንኖርባት የሆላንድ ከተማ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል መጣና የሰፈራችን ፖሊስ ሆነ። ደችኛው እንደኛው ስለሚሰባበር ይስቁበት ነበር። «እኔም መጤ ነኝ» እያለ በብስክሌቱ ይዞራል። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ሁሉንም ያውቃል።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቋንቋ ቶሎ ስለያዝኩ ለአበሻው ሁሉ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሁዳዴ ነው፤ ዝናቡ ያካፋል፣ እኔ ለምስር ወጥ ሽንኩርት አቁላላለሁ። አመሻሽ ላይ ዲተር አንኳኳ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ዮናስ ሞቷል» አለኝ። «መኪና ነው፣ አውራ ጎዳናው ላይ። እናቱ ጋ አብረን እንሂድ።»

ዮናስ የእማማ አስካለ አንድ ልጅ ነው። እሳቸው እዚህ አገር ሌላ ሰው የላቸውም። ሽንኩርቱ አረረ፤ ማን ያስታውሰው!

«አሁን? በመሸ?» አልኩት። «ብቻቸውን ናቸው። እህልም አልቀመሱም ይሆናል። እኛ ጋ ለእናት እንዲህ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው።»

«ሕጉ ወዲያውኑ ይላል።»

እንዲህ ስንባባል ስልኬ ጠራ። እማማ አስካለ! «ልጄ፣ ዮናስ ስልክ አያነሳም። ምን ሆኖብኝ ነው?»

«ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ እማማ። እራትዎን ይብሉ» አልኳቸው። ድምፄ እንዴት እንዳልከዳኝ እግዜር ይወቀው።

ዲተር አማርኛ አያውቅም፤ ግን ገባው። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ወታደር ሳለ የጓደኛውን ሞት ለጓደኛው እናት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነግሯት እንደሄደ አጫወተኝ። ከኋላው በሩ ሲዘጋ የሰማው ድምፅ እስከዚያች ቀን አልለቀቀውም።

«ጠዋት የት እንገናኝ?» አለኝ በመጨረሻ።

ጎህ ሲቀድ ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣ። ሌሊቱን የጠራኋቸው የሰፈሩ አበሻ ሴቶች ነጠላቸውን ካፖርታቸው ሥር ደብቀዋል። እማማ አስካለ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ሊደቁ ሲሉ ቀድሞ እጃቸውን የያዛቸው ዲተር ነው። ለቅሶው ፎቁን አናጋው። ጎረቤት ደንግጦ ፖሊስ ጠርቶ ኖሮ ሁለት ወጣት ፖሊሶች ከተፍ አሉ። ዲተር በር ላይ ወጥቶ፣ «ፖሊሱ እዚሁ አለ፤ ሰው ሞቶብን ነው» ብሎ መለሳቸው።

መርዶውን በማሳደሩ አለቆቹ ምን እንዳሉት ስጠይቀው እጁን አወናጨፈ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እማማን ሳይጠይቅ አይውልም ነበር። «ጀርመኑ ልጄ» ይሉታል።

ደክሞኛል። እዚህ አገር ስንቱን ቀበርን! ለቅሶ ደራሹም አርጅቶ አልቋል። ትናንት ለዲተር ልጅ ደውዬ አጽናናኋት። «ለአስካለ እኔ ቴክስት ልላክላት?» አለችኝ። «የለም፣ ለእናት እንዲህ አይነገርም» አልኳትና አብራን እንድትመጣ ለመንኳት።

ዛሬ አመሻሽ ላይ እማማ አስካለ ካሉበት የአረጋውያን ቤት ደወሉ።

«ጀርመኑ ልጄ እሁድ ቀረብኝ። ስልክም አያነሳ። ምን ሆኖብኝ ነው?»

«ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ እማማ» አልኳቸው። «እራትዎን ይብሉ።»

ነገ ማለዳ እንሄዳለን።